የቦረና ላም በየዓመቱ እንድትወልድ

ከብት በግጦሽ በሚረባበት ቆላ ሁሉ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ላሞቼ ለምን አይይዙም?» ጠያቂው መልሱን ከኮርማው፣ ከመርፌው ወይም ከተሻሻለ ዘር ይጠብቃል። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው የላሚቱን ወገብ ነው። በቦረና፣ በያቤሎ ዙሪያ በከብት እርባታ ባለሙያነት ስሠራ አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል። በሣር ብቻ የምትኖር ላም ቶሎ መያዝ አለመያዟ ኮርማ ከመቅረቡ ከወራት በፊት የሚወሰን ጉዳይ ነው፤ የሚወስነውም በወለደችበት ዕለት በሰውነቷ ላይ ያለው ሥጋና ስብ ነው።

ይህን የምጽፈው በማኅበር ተደራጅተው የሥጋ ከብት እርባታ ለጀመሩ ወጣቶችና አብረዋቸው ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ነው። የቦረና አርብቶ አደር ከብት ማርባትን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ከዚህ ከምጽፈው ውስጥ ብዙውን ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የቦረና ላም ከ285 እስከ 290 ቀን ታረግዛለች። በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በኋላ በ80 ቀን ገደማ ውስጥ መልሳ መያዝ አለባት። በእነዚህ ቀናት ማሕፀኗ መጠገን፣ ጥጃዋ መጥባት፣ ባለቤቱም ማለብ ይፈልጋል። ሰውነቷ የተራቆተ ከሆነ አንጎሏ እንቁላል የሚያስለቅቀውን ሆርሞን ይቆጥባል፤ የጥጃው መጥባት ደግሞ ይህንኑ ያባብሰዋል። ኮርማ አትፈልግም። በሽታ የለባትም፣ መካንም አይደለችም። ሌላ ሕይወት ለመሸከም አቅም የላትም፣ ይኸው ነው።

የላሚቱን ሰውነት ማንበብ

ሚዛን የሌለው ሰው ሊተማመንበት የሚችል መለኪያ አለ። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) በ1986 እ.ኤ.አ. ሻኛ ላላቸው የዜቡ ከብቶች 9 ደረጃ ያለው የሰውነት አቋም መለኪያ አውጥቶ ነበር። 1 አጥንቷ የወጣ፣ 9 ስብ ያንገዳገዳት ናት። በግጦሽ ላይ የምናገኛቸው ላሞች አብዛኛዎቹ በ2 እና በ6 መካከል ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከበረት ሲወጡ፣ ሆዳቸው በሣርና በውኃ ሳይሞላ እዩዋቸው፤ የሞላ ሆድ ያታልላል። ከጎን ስታዩ የጎድን አጥንቶቿ በሙሉ የሚቆጠሩ ከሆነ፣ ሻኛዋም አንሶ ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ከ3 አትበልጥም። ከዚያ ቀረብ ብላችሁ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌዋ መካከል፣ ወገቧ ላይ መዳፋችሁን አሳርፉ። ከጀርባ አጥንቱ ወደ ጎን የሚወጡት አጫጭር አጥንቶች ጫፋቸው እንደ ስለት ጣታችሁን የሚወጋ ከሆነ 2 ነው። ጫፋቸው ይታወቃል፣ ግን ደንዝዞ ከሆነ 4 ነው። አጥንቱን ለማግኘት ጫን ማለት ካስፈለገ፣ ጎድኖቿም በዓይን የማይለዩ ከሆነ 5 ደርሳለች። በጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ለስላሳ ስብ ከተሰማችሁ ከ6 በላይ ናት።

ጸጉሯ የረዘመ ላም ከሆነችው በላይ ወፍራ ልትታይ ትችላለች። ስለዚህ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ እጅ ይዳስስ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ቢያስተያዩት ደግሞ የተሻለ ነው። ልዩነታቸው ከአንድ ነጥብ ከበለጠ ተመልሰው ይዳስሱ።

ግቡ በወለደችበት ዕለት 5፣ ቢያንስ 4 መሆኗ ነው። 3 ሆና የወለደች ላም ጥጃዋን እያጠባች ቶሎ ኮርማ ትፈልጋለች ብላችሁ አትጠብቁ። ነጥቡ የሚወሰድባቸው ጊዜያት ሦስት ናቸው፦ ከመውለዷ ሦስት ወር በፊት፣ በወለደች ሰሞን፣ ኮርማ ከመግባቱ በፊት። ዋነኛው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ገና የሚታረም ነገር ያለው ያኔ ነው። ከወለደች በኋላ የከሳችን ላም ማወፈር እጅግ ውድ ነው፤ የምትበላው ሁሉ ወደ ወተት ይሄዳል።

በታኅሣሥ ወር፣ ነጥባቸው 4 ያልሞላውን ላሞች ለዩ። ቦረናዎች በተለምዶ ለጥጆች አጥረው የሚያቆዩት «ካሎ» የሚባል የግጦሽ ክልል አለ። ከዚህ የተወሰነውን ለነፍሰ ጡር ላሞች መመደብ ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ ጥጃ ያስገኛል። ድርቆሽ የምታጭዱ ከሆነ ሣሩ ሲያብብ እጨዱት። ዘር ጥሎ ከደረቀ በኋላ የሚታጨደው ሣር ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም፤ ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ በጨጓራዋ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ረቂቅ ሕዋሳት ራሳቸው ይራባሉ። ያኔ ላሚቱ ሣር መሐል ቆማ ትከሳለች። ጥቂት የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ ወይም የወደቀ የግራር ፍሬ የሚጠቅመው ደረቁን ሣር እንድትፈጨው ስለሚያደርግ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ከብት በትኖ ከመጨረስ ለከሱት ነፍሰ ጡሮች ብቻ መስጠት ይሻላል።

ወሊድን ከዝናብ ጋር ማገናኘት

ቦረና ሁለት ዝናብ አለው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው «ገና» እና ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር የሚመጣው አጭሩ «ሐገያ»። ላሚቱ ሣር ሲለመልም ብትወልድ ወተቷ ይሞላል፣ ሰውነቷም ቶሎ ይመለሳል። ኮርማው ዓመቱን ሙሉ ከላሞች ጋር በሚውልበት መንጋም ቢሆን አብዛኛው ወሊድ ወደ ዝናብ ወራት ያዘነብላል፤ ላሞቹ የሚይዙት ሲጠግቡ ነውና። ዕቅድ ማውጣት ማለት ይህንኑ ማጥበቅ ነው።

ኮርማ ከግንቦት 15 እስከ ሐምሌ 15 ከላሞች ጋር ቢውል ወሊዱ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይሆናል። ለማስላት፣ በኮርማ ከተጠቃችበት ቀን ዘጠኝ ወር ቁጠሩና 12 ቀን ጨምሩ፤ ጳጉሜን መሐል ስለምትገባ ወደ 287 ቀን ይመጣል። ለምሳሌ ሰኔ 10 የተጠቃች ላም መጋቢት 22 አካባቢ ትወልዳለች። ላም በየ21 ቀኑ ኮርማ ስለምትፈልግ 60 ቀን ለሦስት ዕድል ይቃረባል። በሦስቱም ያልያዘች ላም ምክንያት አላት፤ ምክንያቱም ይፈለጋል።

በቀረው ጊዜ ኮርማውን ከወይፈኖችና ከሰንጎች ጋር ማዋል ያስፈልጋል። አጥር ላለው እርባታ ይህ አይከብድም። በወል ግጦሽ ላይ ግን ጎረቤት ካልተስማማ አይሠራም፤ የሌላው ኮርማ ይመጣል። እዚያ ቦታ ሽማግሌዎችን ሳታማክሩ ብቻችሁን አትጀምሩት። ለእነዚያ መንደሮች የምመክረው ወሊድን ማጥበቡን ትተው ነፍሰ ጡሮችን በመመገብ ላይ እንዲያተኩሩ ነው።

ጊደሮችን በዕድሜ አትመዝኑ። በቦረና ጊደር መጀመሪያ የምትወልደው ብዙ ጊዜ አራት ዓመት ሲሞላት ነው፤ የሚያዘገያትም ዕድገቷ ነው። ያደጉት ላሞቻችሁ በአማካይ 330 ኪሎ ከሆኑ ጊደሯ ቢያንስ 200 ኪሎ ሳትደርስ አትጠቃ። ሚዛን ከሌለ ደረቷን ዙሪያ የሚለካው የክብደት ሜትር ይበቃል።

ኮርማው

አንዲት ላም ብትመክን አንድ ጥጃ ይቀራል። ኮርማው ቢመክን ግን የዓመቱ ጥጃ ሁሉ ይቀራል፤ ይህን እያወቀ ኮርማውን ሳያስመረምር የሚያስገባ ሰው ያሳዝነኛል። ከመግባቱ ሁለት ወር በፊት በሐኪም አስመርምሩት። ሁለት ወር ያልኩበት ምክንያት አለው፦ የኮርማው የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪበስል 60 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ዛሬ በትኩሳት የታመመ ኮርማ ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በተለይ የቆዳ ላይ እብጠት በሽታ ይዞት የዳነን ኮርማ አትመኑ፤ በሽታው የዘር ከረጢቱንም ይጎዳልና።

እኔ የማየው አረማመዱን፣ ዓይኑንና ጥርሱን፣ ከዚያም የዘር ከረጢቱን ነው። ሁለቱ ፍሬዎች እኩል፣ ሲዳሰሱ ጠንከር ያሉና ያለ እብጠት መሆን አለባቸው። አድጎ የጨረሰ ኮርማ የከረጢቱ ዙሪያ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ አልመርጠውም። ሰፊ ግጦሽ ላይ አንድ ጎልማሳ ኮርማ ከ25 እስከ 30 ላም ይበቃል፤ ገና ለጋ ከሆነ ከ15 አታስበልጡት። ቦረናዎች ኮርማ ሲመርጡ የእናቱን ታሪክ ይጠይቃሉ፤ በየዓመቱ ትወልድ ነበር ወይ? በድርቅ ጊዜ ወተቷ እንዴት ነበር? ጥያቄው ትክክል ነው። ያቤሎ አጠገብ ያለው የዲዳ ቱዩራ ማራቢያ ንጹሑን የቦረና ዝርያ ለማቆየት የሚሠራውም ይህን ችሎታ ከመጥፋት ለመታደግ ነው። ሙቀትና ጥማት የሚችል፣ ሩቅ የሚሄድ ከብት ሸጦ ትልቅ ቁመት ያለውን መግዛት እዚህ አገር አያዋጣም።

ስለ መርፌው

ላሞችን በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ የሚያደርገው የፕሮስታግላንዲን መርፌ በየወረዳው ታውቋል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አለቦታው ሲውል ግን ጉዳት ያደርሳል። መርፌው የሚሠራው እንቁላል በወጣበት ቦታ የሚበቅለውን፣ እርግዝናን የሚጠብቅ ሆርሞን የሚያመነጨውን አካል በማክሰም ነው። ዑደቷ ባልጀመረ የከሳች ላም ላይ ያ አካል የለም፤ ስለዚህ መርፌው ምንም አያደርግም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ያስወርዳታል።

የአንዲት ቀበሌ ሰዎች ከብቶቻቸውን በአንድ ቀን ነድተው ሲያመጡ፣ ማሕፀን ሳይመረመር በሰልፍ ሲወጉ አይቻለሁ። አንዲት እናት ከሳምንት በኋላ ላማቸው ጨንግፋ የወጣውን ጽንስ በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው አሳዩኝ። በዚያ ቤት ጥጃው ብቻ አይደለም የጠፋው፣ የልጆች ወተትም ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ እጁን አስገብቶ ያልመረመረ ባለሙያ መርፌ አይወጋም፤ ነጥቧ ከ4 በታች የሆነች ላም አትወጋም፤ ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላትም ትቆይ። መርፌውን የሚይዘው ሰው ጓንት ያድርግ። ነፍሰ ጡር ሴቶችና አስም ያለባቸው ሰዎች ጨርሶ አይንኩት፤ በቆዳ በኩል ይገባል።

በሰው ሰራሽ ዘዴ የምታዳቅሉ ከሆነ የዜቡ ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አጭር፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት እንደሆነ አስቡ። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልከቱ። ሌላ ላም ስትጫናት ዝም ብላ የምትቆመዋ ናት። ጠዋት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች ጠዋት ትዳቀል።

ወሊድና ጥጃ

የቦረና ላም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ትወልዳለች፤ ጥጃዋ 25 ኪሎ ገደማ ነው። ተዉአት፣ ከሩቅ ጠብቋት። የውኃው ከረጢት ፈስሶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ሐኪም ጥሩ። እንግዴ ልጁ ቢዘገይ አትጎትቱት፤ ከባድ ነገር ማንጠልጠልም ማሕፀኗን ይጎዳል፣ ቀጣዩን እርግዝናም ያበላሻል።

ጥጃው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት እንገር ይጥባ። የእናቱን የበሽታ መከላከያ የሚያገኘው ከዚያ ብቻ ነው፤ አንጀቱ ይህን የሚያሳልፍበት በር በአንድ ቀን ውስጥ ይዘጋል። እምብርቱን በአዮዲን ንከሩት። የላሟን ጡቶች አራቱንም ፈትሹ፤ መዥገር የበላው ጡት ደርቆ ይዘጋል፣ ጥጃውም የአንድ ጡት ወተት ለዘለዓለም ያጣል። ዝናብ ሲጀምር የላሞችን ጡትና ብሽሽት በየሁለት በየሦስት ቀኑ አይቶ መዥገሩን በእጅ መንቀል የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል።

የጨነገፈች ላም ስትገኝ ጽንሱንና እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ከብት የሚያስጨነግፈው የብሩሴሎሲስ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል። በጥልቅ ቅበሩት፤ ውሻ አያግኘው። ወተቷም ሳይፈላ አይጠጣ።

ስለ ማለብ ሰዎችን መውቀስ አልወድም፤ ወተቱ የቤተሰቡ ምግብ ነው። ግን ጥጃው እስከ ሦስት ወሩ ቢያንስ የሁለት ጡት ወተት እንዲቀርለት እለምናለሁ። በወተት የተጎዳች ጥጃ ጊደር ስትሆን አንድ ዓመት ትዘገያለች፤ ያ አንድ ዓመት ከታለበው ወተት ይበልጣል።

ውኃ፣ ጨውና አያያዝ

በበጋ በጥልቁ የቱላ ጉድጓዶች ከብት በየሦስት ቀኑ ይጠጣል፤ ተራውን የሚያስከብሩትም አባ ሄሬጋ ናቸው። የቦረና ከብት ይህን ይችላል። ግን የምታጠባ ላምና ደረቅ ሰንጋ እኩል አይጠሙም። ማኅበራችሁ ገንዳ ወይም ኩሬ ካለው ለሚያጠቡት ዕድሉን አስቀድሙላቸው፤ መንገዳቸውንም አሳጥሩ። ጥላ የሚሰጡ ትልልቅ ግራሮችን አትቁረጡ። ቁጥቋጦውን ስታጸዱ ትንንሹን መንቀል ነው እንጂ ጥላውን ማጥፋት አይደለም።

ከኤል ሶድ ሐይቅ የሚወጣው ጨውም ሆነ ሐያ ወይም ቦለ የሚባለው ጨዋማ አፈር ለከብት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፎስፎረስ አይበቃም። ላም አጥንት ስታኝክ ካያችሁ የጎደላት ይህ ነው። የበሰበሰ አጥንት ማኘክ ደግሞ ቦቱሊዝም በሚባል መመረዝ ሊገድላት ይችላል። በፋብሪካ የተዘጋጀ የማዕድን ድንጋይ ገዝታችሁ በዝናብ ወራት፣ ሣሩ ሲለመልም አቅርቡ፤ ያኔ ነው የሚያስፈልጋት።

ለክትባትም ሆነ ለምርመራ ከብት ስትይዙ ጩኸትና ዱላ ይቅር። ከብት ከኋላው በቀጥታ ያለውን አያይም፣ ስለዚህ ከኋላ በድንገት አትምጡበት። ወደፊት እንዲሄድ ከትከሻው ኋላ፣ በጎኑ በኩል ቅረቡ፤ ሲራመድ እናንተ ቁሙ። ክራሹ (ከብት የሚያዝበት ጠባብ መተላለፊያ) ውስጥ ጥላ፣ የተንጠለጠለ ልብስ፣ ሰንሰለት ካለ ይቆማል፤ ያንን አንሡለት እንጂ አትምቱት። አምና በዱላ የገባች ላም ዘንድሮ በአሥር ሰው አትገባም። የደነገጠች ላም ደግሞ በተዳቀለች ሰሞን ጽንሷን ልታጣ ትችላለች። ወይፈኖችን ማኮላሸት ካለባችሁ በልጅነታቸው፣ በቡርዲዞ (ቆዳውን ሳይቆርጥ የዘር ገመዱን በሚጨፈልቅ መቆንጠጫ) እና በማደንዘዣ፣ በሐኪም እጅ ይሁን። በጋለ ብረት መተኮስ ለሕክምና የሚጠቅምበት ምክንያት የለም፤ ያሠቃያል፣ ቆዳውንም ያበላሻል።

ድርቅ ሲመጣ

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና ውስጥ የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። በመንገድ ዳር የተደረደረው የከብት ሬሳ የሰዎች ሀብት ብቻ አልነበረም፤ ማዕረጋቸው፣ የልጆቻቸው ጥሎሽ፣ ታሪካቸው ነበር። ስለዚህ «ለምን ቀደም ብለው አልሸጡም?» የሚለውን የከተማ ጥያቄ እቃወማለሁ። ያም ሆኖ ውሳኔው በጊዜ ሲደረግ የሚተርፈው መንጋ ይበልጣል።

ኮርማ ከወጣ ሁለት ወር በኋላ፣ በመስከረም፣ ላሞቹን አስመርምሩ። ያልያዙትን ለዩ። ወፍራ ያልያዘች መሲና ከበጋው በፊት ዋጋ ታወጣለች፤ የካቲት ላይ ማንም አይገዛትም። ሐገያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ካልጣለ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሰንጎችና ወይፈኖች በመጀመሪያ፣ መሲናዎችና ያረጁ ላሞች ቀጥለው። የያዙ ወጣት ላሞችና ጊደሮች እስከ መጨረሻው ይቆዩ፤ መንጋው የሚተካው በእነርሱ ነው። ከሦስት ወር ያለፉ ጥጆችን ጡት አስጥላችሁ ፉርሽካና ድርቆሽ ማብላት የላሟን ሸክም በእጅጉ ያቀልላታል። ይህን የምትጀምሩት መኖው በእጃችሁ ካለ ብቻ ነው።

የምትሸጧቸውን በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ወዳሉ ማድለቢያዎች ስትልኩ በመኪናው ወለል ከፍታ ልክ ከአፈር የተሠራ መጫኛ ይኑራችሁ። በዱላ ወደ መኪና የሚዘል ከብት እግሩን ይሰብራል። በመኪናው ወለል ላይ አሸዋ ወይም ገለባ አንጥፉ። የማይተዋወቁ ቀንዳሞችን አትቀላቅሉ። ጭነቱ በማታ ይሁን። ሾፌሩ መንገድ ላይ እየቆመ ይይ፤ የተኛ ካለ ሌሎቹ ሳይረግጡት ያስነሣው።